በጋውን ተኝቶ የሚያልፍ አበባ

እህቴ የምትኖረው ሆላንድ ነው። አምና መጋቢት ላይ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ትንሽ የመረብ ከረጢት ነው። በውስጡ ጠፍጠፍ ያሉ ቡናማ ነገሮች አሉ። ልጣጩ የደረቀ ትንንሽ ቀይ ሽንኩርት ይመስላሉ። ካርቶኑ ላይ መሃሉ ወይን ጠጅ የሆነ ነጭ አበባ አለ። ከሥሩ "የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ" ተብሎ ተጽፏል። እህቴ የጻፈችልኝ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ይሄ የኛ ነው እንዴ?"

የኛ ነው። የኛ ብቻ ግን አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ማላዊና ሞዛምቢክ ድረስ በዱር ይበቅላል። እርጥብ ገደልና ድንጋያማ ተዳፋት ይወዳል። የሥነ ዕፅዋት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1844 መጀመሪያ ስም ሲያወጡለት በእጃቸው የነበረው ከኢትዮጵያ የሄደ ናሙና ነው። ዛሬ የሆላንድ አምራቾች በገፍ እያባዙ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ጓሮዎች ይሸጡታል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በየችግኝ ሻጩ ስጠይቅ ስንት ዓመቴ። አንድም ቀን አላገኘሁትም።

አበባ ስለማንወድ አይደለም። ጽጌረዳው፣ ጄራንየሙ፣ ቡገንቪላው በየግቢው ሞልቷል። ከዱር አበቦቻችን ብዙዎቹ ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለምልመው አይታዩም። ዝናብ ሲመጣ ከመሬት ብቅ ይላሉ፣ ያብባሉ፣ ከዚያ ድራሻቸው ይጠፋል። እኛ ሞቱ ስንል እነሱ ከታች ተኝተዋል። ይህ እንቅልፍ ያልገባው አትክልተኛ በገዛ እጁ ይገድላቸዋል።

እኔ ገድዬ ነው የተማርኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ጎረቤቴ ለቤት መሠረት ሲያስቆፍር ከአፈሩ ጋር የወጡ ጥቂት የዱር ግላዲዮለሶች ሰጠኝ። ከጽጌረዳዬ አጠገብ ተከልኳቸው። በዚያው ክረምት ብርቱካንማ አበባ አየሁ፤ ላየው ሰው ሁሉ አሳየሁ። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ መድረቅ ጀመረ። "ውሃ አንሶት ነው" አልኩና በጋውን ሙሉ በሳምንት ሁለቴ አጠጣሁት። ሰኔ ገብቶ አልወጣ ሲለኝ ቆፈርኩ። እጄ ላይ የቀረው የሚሸት ልጋግ ነው።

ገበያ ሄዶ መማር

ከመሬት በታች ያለው ነገር ምንድን ነው? በአማርኛ በደፈናው "ሥራ ሥር" እንላለን። አብዛኞቹ ግን ሥር አይደሉም። ነጭ ሽንኩርት ስንገዛ "አንድ ራስ" እንደምንለው፣ እኔም ሁሉንም "ራስ" እያልኩ ልቀጥል። ዓይነታቸውን ለመለየት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። የአትክልት ተራ በቂ ነው።

ሽንኩርት አንስታችሁ ለሁለት ክፈሉት። ድርብርብ ነው። እያንዳንዱ ድርብ ቅጠል ነው፤ ምግብ አዝሎ የወፈረ ቅጠል። መሃሉ ላይ ቡቃያው ተጠቅልሎ ይጠብቃል። በየመስኩ "የጅብ ሽንኩርት" የምንላቸው የዱር ራሶች የዚህ ዘመዶች ናቸው።

ጎደሬ ቁረጡ። ድርብ የለውም፤ ድፍን ነው። ይህ ያበጠ ግንድ ነው። የእንሰት አሚቾም እንዲሁ። ግላዲዮለስ ከዚህ ወገን ነው፤ አንድ የሚገርም ነገር ግን አለው። ራሱ በየዓመቱ ይሞታል። አሮጌው ቅጠሉንና አበባውን ለማውጣት ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ከላዩ ላይ አዲስ ይሠራል። ኅዳር ላይ ብትቆፍሩ ሁለት ተደራርበው ታገኛላችሁ፦ ከላይ ወፍራሙ የዘንድሮ፣ ከታች የተጨማደደው ያምና። የታችኛው በእጅ ተነቅሎ ይጣላል። ዙሪያውን ደግሞ ሩዝና ሽምብራ የሚያካክሉ ልጆች ይረግፋሉ። እነሱን አትጣሉ።

ሦስተኛው ዝንጅብል ነው፦ ወደ ጎን እየተሳበ የሚሄድ ግንድ። በአንዳንድ አካባቢ አሸንዳ የሚባለው፣ በሰሜንና በባሌ ደጋ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ብርቱካንማ አበባ እንዲህ ዓይነት ነው። በቢላዋ ከፋፍላችሁ ብትተክሉት አይቀየማችሁም። አራተኛው እንደ ድንች ያለው ነው። ግሎሪዮሳ የሚባለውና ወደ ቆላ በኩል እየተጠማዘዘ የሚወጣው ቀይና ቢጫ አበባ ከዚህ ይመደባል። የድንች ዓይን ግን በየቦታው ነው፤ የግሎሪዮሳ ቡቃያ ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ያቺ ጫፍ ከተሰበረች አበቃ።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ስንቅ መቋጠራቸው ነው።

ሁለት ዓይነት እንቅልፍ

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ብዙው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። ሣሩ ይደርቃል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ከብት የቀረውን ይግጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ ከመሬት በላይ ንብረት ማስቀመጥ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ተክሉ ያለውን ሁሉ ወደ ታች አውርዶ ይቆልፍበታል። የሚሸሸው ጥምን ነው።

የአውሮፓው ቱሊፕ የሚተኛበት ምክንያትና የሚነቃበት ምልክት ሌላ ነው። የመጣው በጋው ደረቅ፣ ክረምቱ በረዶ ከሆነ አገር ነው። በውስጡ ያለችው የአበባ ቡቃያ በደንብ ረዝማ እንድትወጣ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቅዝቃዜ ትፈልጋለች። የኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል እንጂ ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ለቱሊፕ ይህ ቀልድ ነው። እህቴ ከዓመታት በፊት ያመጣችልኝ ሃያ ቱሊፕ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ቀረ። ሦስት ወር ፍሪጅ ውስጥ አቆይቶ መትከል ይቻላል፤ ሙዝና ፖም አጠገቡ ካልተቀመጠ። ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ የአበባዋን ቡቃያ ያበላሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሚያብበው አንድ ዓመት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ፍሪጅ። ለኔ አይመጥንም። ካላንደሩ ከኛ ጋር አንድ የሆነ አበባ እያለ።

አሁን ወደ ልጋጉ ልመለስ። ግላዲዮለስ ሲተኛ ሥሮቹ ይሞታሉ። ራሱ ያለ ሥር ይቀመጣል። ሥር የሌለው ነገር ውሃ አይጠጣም። እኔ ያጠጣሁት አፉ ለተዘጋ ሰው እንደማጉረስ ነው፤ ምግቡ ልብስ ላይ ይቀራል። ውሃው በራሱ ዙሪያ ቆመ፣ አፈሩ ቀዘቀዘ፣ ሻጋታው ሠርጉን አደረገ። ስለዚህ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚያስፈልገው ሥራ ምንም አለመሥራት ነው። ለአትክልት ወዳድ ሰው ከዚህ የከበደ ሥራ የለም።

የጅብ ሽንኩርት ትንሽ ይለያል። ወፋፍራም ሥሮቹን ከዓመት ዓመት ይዞ ይቆያል። በዚህ ምክንያት መነቀል አይወድም። አንዴ ከተከላችሁት በየዓመቱ እየቆፈራችሁ አትፈትሹት። ተናድዶ ሁለት ዓመት ሳያብብ ሊቀር ይችላል።

የሚያምታታው በልግ ነው። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ ሁለት ጥሩ ዝናብ ይጥልና ራሱ "ክረምት ገባ" ብሎ ይነሳል። ከዚያ ዝናቡ ይጠፋል። ቡቃያው አራት ጣት ያህል ከወጣ በኋላ መልሶ ይተኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ስንቁን ማውጣት ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ብቻ በመጠኑ እያጠጣችሁ እስከ ሰኔ አድርሱት።

አበባው ካለፈ በኋላስ? ቅጠሉን አትንኩ። ጥቅምት ላይ ግማሽ ቢጫ፣ ግማሽ አረንጓዴ ሆኖ ሲጋደም ግቢ ያበላሻል፤ አውቃለሁ። እናቴ "ይህን ጭድ አንሳልኝ" ትለኛለች። ያ ቅጠል ግን ወጥ ቤቱ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ራስ የሚወፍረው ቅጠሉ በሚያበስለው ምግብ ነው። አረንጓዴ ሳለ ከቆረጣችሁት ዘንድሮ አብቦ ለከርሞ ቅጠል ብቻ ታያላችሁ። የደረቀውን የአበባ ዘንግ ግን፣ ዘር ካልፈለጋችሁ፣ ቁረጡት።

ራሶቹ ሌላም የሚሠሩት ነገር አለ። ብዙዎቹ እየተሸበሸቡ የሚያጥሩ ልዩ ሥሮች አሏቸው። ሥሩ ወደ ታች ገብቶ አፈሩን ይይዝና ይኮማተራል፤ ራሱን እንደ ገመድ ወደ ታች ይስበዋል። ዘሩ መሬት ላይ የወደቀ ተክል ከዓመታት በኋላ አንድ ስንዝር ጥልቀት ላይ የሚገኘው በዚህ ነው። ማንም አልቀበረውም።

የኛ የሆኑትና የሚመስሉት

አደይ አበባ የኛ ነው፤ ራስ ግን የለውም። በየዓመቱ ከዘር ይነሳል፣ መስከረምን አድምቆ ይሞታል። በየግቢው የውሃ ቦይ ዳር እንደ መለከት ተጠቅልሎ የሚቆመው ነጭ አበባ፣ ካላ ሊሊ፣ ራስ አለው፤ የኛ ግን አይደለም። ሳይንሳዊ ስሙ ላይ "ኢትዮጵያዊ" የሚል ቃል ስላለ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የድሮ ሰዎች "ኢትዮጵያ" ሲሉ ከሰሃራ በታች ያለውን ሁሉ ማለታቸው ነበር። አበባው የደቡብ አፍሪካ ነው።

የኛ ከሆኑት መጀመሪያ የማነሳው ግላዲዮለስን ነው። ስሙ በላቲን "ትንሽ ሰይፍ" ማለት ነው፤ ከቅጠሉ መልክ የመጣ ነው። ሠርግ ቤት የምናየው ትልልቁ ባለ ብዙ ቀለም ግላዲዮለስ ሰው ያዳቀለው ነው። ከዋነኞቹ ወላጆቹ አንዱ ግን ከደቡብ አፍሪካ እስከ ኢትዮጵያ በዱር የሚበቅል ብርቱካንማ ዝርያ ነው። እኛ ሜዳ ላይ ረግጠነው የምናልፈው የሙሽራዋ እቅፍ አያት ነው ማለት ነው።

የከረጢቱ ነጭ አበባ የአገልግሎት ሰዓቱ ምሽት ነው። ቀን ላይ ብታሸቱት ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ሲመሽ መዓዛው ይነሳል። የአበባው ቱቦ ቀጭንና እንደ ጣት የረዘመ ነው፤ ማሩ ከታች ጥግ ላይ ነው። ንብ አትደርስበትም። የሚደርስበት ምላሱ ረጅም የሆነ ትልቅ የእሳት እራት ነው፤ እንደ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ይጠጣል። ስለዚህ ይህን አበባ ጀርባ ጓሮ አትትከሉት። ማታ ከምትቀመጡበት በረንዳ ወይም ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ይሁን።

ጥላ ላለው ግቢ ደግሞ ስካዶክሰስ አለ። እንደ ኳስ የተድቦለቦለ ደም የመሰለ አበባ ነው። ኳሱ ውስጥ እስከ ሁለት መቶ የሚደርሱ ትንንሽ አበቦች አሉ። በጫካና በቁጥቋጦ ሥር ይበቅላል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው፣ ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ሳይደላደል፣ ያ ኳስ ብቻውን ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰው የሰካው ፕላስቲክ መስሎኝ ነበር።

የጅብ ሽንኩርት አንድ ተክል አይደለም። የአገሬው ሰው ሽንኩርት የሚመስለውን የማይበላ ነገር ሁሉ ለጅብ ይሰጠዋል። ከነዚህ ውስጥ ለጓሮ የምመርጠው ክራይነም የሚባለውን ነው። ትልቅ፣ ነጭ አበባ ያለው ነው፤ ከርሞ ከርሞ የሚበዛ። ደጋ ላይ ውሃ በሚተኛበት የግጦሽ መስክ የሚበቅለው ዓይነት ለዋልካ አፈር ሰዎች የተላከ ስጦታ ነው። ሌላው ሁሉ በሚበሰብስበት ይኖራል።

አሸንዳን ከላይ አንስቻለሁ። ከዝርያዎቹ ቅጠለ ብዙው ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ቀጫጭን ምንቃር ያላቸው ማር መጣጭ ወፎች ሲያብብ ይሰለፉበታል። ቦታ ይፈልጋል፤ ለኮንዶሚኒየም በረንዳ አይሆንም።

አሞጭንም መጥቀስ አለብኝ፤ ያምራል ብዬ ሳይሆን ይገርመኛል። አበባው ኮፍያ የደፋ እባብ ይመስላል። በደቡብ በኩል በችግር ጊዜ ሰዎች ራሱን በደንብ አብስለው ይበሉታል። ጥሬው አፍ ያቃጥላል። ከዝርያዎቹ አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ የሺምፐርን ስም ይዟል። ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረ ጀርመናዊ ነው። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካሰሯቸው አውሮፓውያን አንዱ እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። የዱር አበቦቻችንን ሳይንሳዊ ስም ስታነቡ ይህ ስም በየቦታው ይገጥማችኋል።

ከየት ይምጣ?

ከሜዳ ቆፍራችሁ አታምጡ። ይህን ስል የፖሊስ ድምፅ እንዳይመስልብኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ራስ ከዘር ተነስቶ ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ለመቆፈር ግን ሁለት ደቂቃ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከቱርክ ተራሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የዱር ራሶች ተቆፍረው ለአውሮፓ ጓሮ ተሸጡ። ነገሩ አስደንጋጭ ስለሆነ አንዳንዶቹ በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ገቡ። እኛ ዘንድ ገና ፈላጊ ስለሌለ ብቻ ነው ያልተነኩት። ከአገር ይዞ መውጣትማ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ለአክስቴ ልውሰድላት ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ሁለት ንጹሕ መንገዶች አሉ። አንደኛው ማዳን ነው። መሠረት ሲቆፈር፣ መንገድ ሲወጣ፣ ዶዘር የሚገባበት መሬት ላይ የሚገኘው ራስ ነገ የለም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ውሰዱ። ሁለተኛው ዘር ነው። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ፤ ትዕግሥት ካላችሁ።

የግላዲዮለስ ፍሬ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ውስጡ እንደ ስስ ወረቀት ክንፍ ያላቸው ቀላል ዘሮች አሉ። ከአንድ ተክል ጥቂት ውሰዱ፣ የቀረውን ለነፋሱ ተዉለት። በወረቀት ፖስታ አስቀምጣችሁ ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝሩ። ግማሽ አሸዋ በሆነ አፈር ላይ በትናችሁ በስሱ አልብሱት። የሚወጣው ሣር ነው የሚመስለው፤ ሠራተኛ እንዳይነቅለው ንገሩ። የኔን ነቅለውታል። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ያብባል።

የክራይነም ዘር ግን አይቀመጥም። ትልቅ፣ ውሃ የሞላው፣ ሽምብራ ከማከልም የሚበልጥ ነው። ጠረጴዛ ላይ ብትተዉት እንኳ ያለ ውሃ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። እንዳገኛችሁ አፈር ላይ ጫን አድርጉት፣ አትቅበሩት። ስካዶክሰስም ቀይ ፍሬውን ልጣችሁ በዚያው ሰሞን ነው የሚዘራው። ሁለቱም ለማበብ ከግላዲዮለስ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋሉ።

አፈር

ሁሉም ነገር ውሃው ቶሎ ይወርዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት። ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ውሃው ካለ፣ እዚያ ግላዲዮለስ አትትከሉ። ዋልካ ያለበት ሰው መደቡን በድንጋይ ከፍ አድርጎ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ቢቀላቅልበት ይሻለዋል። ወይም በሳፋ ይትከል። ሳፋው ከታች ይበሳ፤ ከጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር ደግሞ አይቀመጥ። ክረምት ላይ የጠፈጠፉ ውሃ ራሱን አጋልጦ ያጥበዋል።

ግላዲዮለስ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቅ ይተከላል፤ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ። ሾጣጣው ወደ ላይ ነው። ከላይ ከተቀመጠ ዘንጉ ሲረዝም በሐምሌ ንፋስ ይወድቃል። በመካከላቸውም እንዲሁ አሥር ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የጅብ ሽንኩርት አንገቱ ከአፈር ወጣ ብሎ ይቀመጥ። ትኩስ ፍግ ራሱን እንዳይነካው፤ ያቃጥለዋል፣ ያበሰብሰዋል። የከረመ ኮምፖስት ጥሩ ነው። ጥቂት የምድጃ አመድም አይጎዳም።

ጠላት አለ። ፍልፈል ከታች ይመጣል። ከተማ ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ስትነሱ የአፈር ክምሩ ብቻ ይታያል። ጃርት ደግሞ ሌሊት ቆፍሮ ይበላል። ለሁለቱም የሚሠራው የወንፊት ሽቦ ነው። እንደ ቅርጫት አጥፋችሁ ራሶቹን ውስጡ ትከሉ። ቀንድ አውጣ ሐምሌ ላይ ቡቃያውን ይላጨዋል። ማታ በባትሪ እየዞሩ ከመልቀም የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ሽንኩርት መደርደሪያ ላይ አይደለም

ይህን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም። ብዙዎቹ መርዝ ናቸው። ጃርት የሚበዛበት አገር ላይ ያለ ስንቅ በመርዝ ካልተጠበቀ አይተርፍም። የጅብ ሽንኩርትና ስካዶክሰስ ሆድ የሚያውክ፣ የሚያስመልስ ንጥረ ነገር አላቸው። ግሎሪዮሳ ከሁሉም ይብሳል። ውስጡ ያለው ኮልቺሲን ሐኪሞች በጥቃቅን መጠን ለሪህ የሚያዙት ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው ይገድላል። ልጆች ያሉበት ቤት ግሎሪዮሳን ባትተክሉ ይሻላል፤ የፈለገ ቢያምር።

ነቅላችሁ የምታስቀምጡትን ራስ ወጥ ቤት አታስገቡ። የደረቀ የዱር ራስ ከቀይ ሽንኩርት ጋር አንድ ዘንቢል ውስጥ ሲገባ ለመለየት ዓይን ይቸገራል። ስሙን ጽፋችሁ፣ በመረብ ወይም በወረቀት ከረጢት፣ መጋዘን ውስጥ ስቀሉት። ስትተክሉም ጓንት አድርጉ፤ ቆዳ የሚያሳክክ አለበት።

ባሕር ማዶ ላላችሁ

የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሰዎች፣ የአውሮፓ ሰዎች፣ የከረጢቱን አበባ ከዚያው ከሱቅ ግዙ። ራሱን ጫን አድርጋችሁ ፈትሹ፤ እንደ ጥሩ ነጭ ሽንኩርት ጠንካራ መሆን አለበት። በረዶው ሙሉ በሙሉ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት ላይ፣ ፀሐይ ባለበት ትከሉ። በጋው እዚያ የእድገት ጊዜው ስለሆነ አጠጡ። ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል። ቁጥሩን ካሰላችሁት ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይደርሳል። እንቁጣጣሽ ማለት ነው። ብርድ ሳይመታው ነቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በረዶ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ አክርሙት።

እስራኤል ያላችሁ ነገሩ ይገለበጥባችኋል። እዚያ ዝናቡ በብርድ ወራት፣ ድርቁ በሙቀት ወራት ነው። ከኛ የመጣ ራስ በሚያድግበት ጊዜ ሰማዩ አይረዳውም፤ ቧንቧ ይዛችሁ መቆም ነው። የዚያ አገር የራሱ አበቦች፣ ቀዩ ካላኒት፣ ራኬፈት፣ ናርኪስ፣ በብርዱ ዝናብ ይነሳሉ፣ በሙቀቱ ይተኛሉ። ከሜዳ መቅጠፍ በሕግ ክልክል ነው፤ ከችግኝ ጣቢያ ይገዛሉ።

እህቴ አሥር ራስ ያለበትን ከረጢት ገዝታ በሁለት ትልልቅ ሳፋ ተከለችው። ስምንቱ አበቡ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ በረንዳዋ ላይ ቆማ ደወለችልኝና ስልኩን ወደ አበባው አስጠጋች፤ መዓዛው በቪዲዮ የሚመጣ ይመስል። ጥቅምት ላይ ነቅላ ጋዜጣ ላይ አሰጣቻቸው። ያምናውን የተጨማደደ ሁሉ አንስታ ጣለች። ከቆጠረች በኋላ መልእክት ላከች፦ አሥራ ሦስት ትልልቅ፣ ከነሱ ጋር አንድ የሻይ ብርጭቆ የሚሞሉ ትንንሽ ልጆች። "እነዚህን ትንንሾቹን ምን ላድርጋቸው?" አለችኝ። ለብቻቸው ከረጢት አድርጊ፣ ሚያዝያ ላይ እንደ ስንዴ በመስመር ዝሪያቸው አልኳት።